ሀዘንተኛው ስኳር የጠየቀ ዕለት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ከነወንበርዎ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ግንብ የጸና፣ እንቅልፍዎ እንደ ሕፃን እንቅልፍ የጣፈጠ እንዲሆንልዎ፣ ጆሮዎም እስከ ዛሬ በየግድግዳችን ሳይታክት እንዳገለገለዎ ወደፊትም እንዲያገለግልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሚስቱን የቀበረ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ጉልበቱ ሲከዳው መዶሻውን የሰቀለ አናጺ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ደጋግሜ ጸልዬበታለሁ። የሚያጽፈኝ ድፍረት ይሁን ትዕቢት ለይቼ ስላላወቅሁ፣ ትዕቢቱ ካለብኝ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎን ግን በይቅርታ ጉዳይ ላስቸግርዎ አልፈልግም።

አስቀድሜ «ማንኛውም ትኩስ መጠጥ በትክክለኛ ስሙ ብቻ ይታዘዝ» ስለሚለው ማስታወቂያዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሰዎችዎ ይህን ወረቀት የለጠፉት በሻይ ቤታችን ማፍያ ክፍልና በእኛ በተቀማጮቹ መካከል ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ነው። መስኮቷን የሠራኋት እኔ ስለሆንኩ ልኳን አውቃለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ሸፍናችኋታል። ከእንግዲህ ቡና የምታፈላልን እትዬ የእኛን ትዕዛዝ የምትሰማው የእርስዎን ትዕዛዝ አልፎ ሲደርስላት ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ ሻይ ቤትን የሚያውቋት በሪፖርት ስለሆነ፣ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ላስረዳ። አጠገባችን ብረት ቤት አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀጠቀጣል። በዚያ ጫጫታ መሐል «ቡና በወተት» ቢሉም «ቡና ያለ ወተት» ቢሉም እትዬ ዘንድ የሚደርሰው «ወተት» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ለየመጠጡ መዶሻ የማይሰብረው ስም አወጡለት። ጠብታ ወተት ጣል የተደረገበት ቡና «ሽበት» ነው። ስኳርም ወተትም ያልነካው ጥቁሩ «ሀዘንተኛ» ነው። አንድ ሻይ ለሁለት ብርጭቆ ተከፍሎ ሲመጣ ደግሞ «ጎረቤት» ይባላል፤ ባለቤቴና እኔ ዕድሜያችንን በሙሉ የጠጣነው እሱን ነው። እሷ ካረፈች በኋላም ማዘዜን አልተውኩም፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ታናሽ ወንድሟ፣ የቤቱ አስተናጋጅ፣ በቁሙ ይጠጣልኝ ነበር። ይህን ልጅ በድምፁ የተነሳ «ደወል» እንለዋለን። ስሙን ያስተዋሉት ይመስለኛል። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ ማስታወቂያዎ «ኃላፊ» የተባለውን መጠጥ በስም ጠቅሶ መከልከሉ ቅር አሰኝቶናል። ኃላፊ በእኛ ዘንድ አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ የሚቆለል፣ አረፋው ሲከስም ግን ከሥሩ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ወተት ነው። ስሙ እርስዎ ከመሾምዎ በፊት የወጣ መሆኑን በሽማግሌ ማስመስከር እንችላለን። ከተሾሙ ወዲህ ያልለወጥነው የተሻለ ስም አጥተን ነው።

ሁለተኛ፦ ማስታወቂያው በተለጠፈ ሰሞን አንድ እንግዳ መጥቶ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ዝም ብሎ ሲሰማን ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን «ደወል፣ አንዲት ሀዘንተኛ!» ብሎ አዘዘ። የራስዎን ማስታወቂያ መጣሱን ለሥራ ስለሆነ አልፌዋለሁ፤ አነጋገሩም እንከን አልነበረበትም፣ መምህሩን ያመስግኑልኝ። ያላስተማራችሁት አንድ ነገር ነበር። ሀዘንተኛው ሲቀርብለት አንዴ ቀመስ አደረገና ፊቱን አጨማዶ ስኳር ጠየቀ። ደወልም ስኳሩን እያቀበለው፣ ነገር ሳያስብ፣ «ጋሼ፣ ሀዘንተኛ ስኳር ከጠየቀ እኮ ሟቹ ዘመዱ አይደለም ማለት ነው!» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የብረት ቤቱ ሠራተኞች የጎረሱትን መዋጥ አቃታቸው፤ እትዬ እንኳ የማስታወቂያዎን ጫፍ ገለጥ አድርጋ «ማነው እሱ ሀዘኑን የሚያጣፍጠው?» ብላ አንገቷን አወጣች። ሰውዬዎም ሳቀ። የእኛ ሳቅ ካለቀ በኋላም የእሱ ትንሽ ቆየ፤ እየሳቀ ግን ፊታችንን አንድ በአንድ ያይ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ትሑት ሰዎች መጥተው ደወልን «ለአንድ ጥያቄ ብቻ» አሉት። ፎጣውን ከምስማሩ ሰቅሎ፣ «እትዬ፣ ውሃው እንዳይገነፍል፤ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ጥያቄው ከባድ ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ፎጣው ከምስማሩ አልወረደም። ጥያቄው ስለ ቃላቱ ከሆነ ትርጉማቸውን ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ምስጢር የለባቸውም። እኔ ግን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩና ልጁ የሄደው በቃላቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው ተሳቀበት፤ ያ ሰው ደግሞ የእርስዎ ነበር።

ሦስተኛ፦ ልጠይቅ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ የልጁን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሰጠሁ። ጸሐፊዎ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም፣ አባት» አለኝ። ከልቡ ደግ ሰው ስለሆነ ባዶዬን እንዳልመለስ ብሎ ይመስለኛል፣ ቀጥሎ «ደግሞስ ደወል ብሎ ስም ምንድን ነው?» ሲል ጨመረልኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጸሐፊዎ መስኮት «ደወል» የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ቢያንስ ልጁ እናንተ ዘንድ እንደገባ የነገረኝ ጸሐፊዎ ነውና፣ እባክዎ እድገት ቢጤ ያስቡለት።

እናቱ፣ ማለትም አማቴ፣ እኔ ዘንድ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ከእርስዎ አያንስም። በሩ በተንቋቋ ቁጥር «እሱ ነው?» ትላለች፤ እኔም «ነፋስ ነው፣ እማማ» እላታለሁ። ልጇ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቷል ብዬ ነግሬያታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አሮጊት እዋሻለሁ፤ ማታ ማታ ስንበረከክ ይህ ኃጢአት የኔ ነው ወይስ የሌላ ሰው እያልኩ ፈጣሪን እጠይቃለሁ፣ መልሱ እንደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ዘግይቶብኛል። ለእርስዎም እጸልያለሁ። ስምዎን የማነሳው ከሕሙማን ተራ ነው።

አራተኛ፦ ደወል ከሄደ ወዲህ በቤቱ የሚናገር የለም። ትክክለኛውንም ስም የሚጠራ ጠፋ፣ የቱ ቃል እንደሚያስጠይቅ አይታወቅምና። ሁሉም በጣቱ ያመለክታል። እትዬ ደግሞ ከወረቀትዎ ጀርባ ሆና ጣት አታይም፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትልካለች፣ ጥቁሩን፣ ያለ ስኳር። ሽበት ያዘዘውም፣ ሻይ ያዘዘውም፣ ወተት የፈለገውም ሀዘንተኛ ይጠጣል። የብረት ቤቱ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሲገቡ መዶሻቸውን ቀስ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። አካባቢያችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጽሕፈት ቤትዎ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ነውና፣ እንኳን ደስ አለዎት።

ልመናዬ አጭር ነው፦ ልጁን መልሱልኝ። በእግሩ ከሆነ በእግሩ፣ ካልሆነም እናቱ የምታለቅስበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ከነፋስ ይሻላታል።

ማስታወቂያዎ ሁሉም በትክክለኛ ስሙ ይጠራ ስለሚል እኔም ሙሉ ስሜን ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ያልነገሯችሁን ስም በማወቅ የታወቃችሁ ናችሁና ሥራችሁን አልሻማም።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ የወገቤ ሕመም በፈቀደልኝ መጠን፣ እጅ የምነሳው
የደወል እህት ባል፣ የሸፈናችኋት መስኮት አናጺ

ካሸግሁት በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ዛሬ ጠዋት ገና ከደጃፉ ስገባ ሰውዬዎ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ መስኮቷ «አንዲት ጎረቤት ለጋሼ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ የደወልን ሊመስል ምንም አልቀረው። ሁለት ብርጭቆ መጣ። እሱም ከፊት ለፊቴ፣ በባለቤቴ ወንበር ተቀምጦ ሁለተኛውን፣ የደወልን ድርሻ፣ እስከ አተላው ጠጣው፤ ስኳር አልጠየቀም። ባለጌ እንዳልባል አመሰገንኩት። ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ መልስ በመጻፍ አይድከሙ፣ መልሱ ደርሶኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ለአንድ ጥያቄ ስትመጡብኝ በሩ መንቋቋቱ፣ አማቴም «እሱ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ ልብሴን እየለበስኩ ስለምሆን፣ ሰዎችዎ «ነፋስ ነው፣ እማማ» ይበሏት።