ያልጠገንኩት ጣሪያ

ልጄ ሆይ፣ ከመንገድሽ እንቅፋት፣ ከደጅሽ ክፉ ሰው ይራቅ። እኛ ደህና ነን። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ እንደ ጨርቁ ቃሌን እንዳያሳጥረው ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም።

ለችግረኛ ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ለእኛም ደርሶናል፤ ስድስት ወሩ ነው። የእናትሽን የሳል መድኃኒት ገዛንበት፤ ጊደሯንም እንደ አምናዋ በርካሽ አልሸጥናትም። የሚያፈሰውን ጣሪያ ግን አልነካሁትም። እናትሽ ከነሳሏ ባልዲ አቅፋ ስታድር እንኳ "ተይው" አልኳት። ሰጪዎቹ አዲስ ቆርቆሮ ካዩብን "እነዚህማ ከበሩ" ብለው ገንዘቡን ይቆርጡብናል ብዬ ነው። በነጻ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚፈልግ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር።

ባለፈው ገንዘቡን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ መጣች። አላስችል ቢለኝ "ጣሪያዬን ብሠራ ትቆርጡብኛላችሁ?" አልኳት። ቀና ብላ ቀዳዳውን አየችና "ታዲያ አባባ፣ ገንዘቡ ለምን መሰለዎት?" አለችኝ። እናትሽም "ባልዲ ያሳቀፈኝ ይኸው ሰውዬ ነው" ብላ አሳቀችብኝ። በማግስቱ ቆርቆሮ ገዛሁ። አሁን ዝናቡን የምናውቀው በጆሯችን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። አንቺም ገንዘብ ትልኪልናለሽ፤ "ምንም አልጎደለኝም" ትያለሽ። የምትኖሪበትን ክፍል ግን አንድ ቀን እንኳ በፎቶ አሳይተሽን አታውቂም። ግትርነቴን እንደወረስሽ አውቃለሁ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያንቺስ ጣሪያ ያፈሳል? የሚያፈስ ከሆነ የዚህን ወር ገንዘብ አትላኪ፤ ለራስሽ አድርጊው። እኛ ከዝናብ ወጥተናል።

የምትተኚበት ደረቅ፣ ያሰብሽው ሙሉ ይሁን።

አባትሽ