ለሀዋ የሳልሁት የሚጮኽ ሰዓት

ቅዳሜ

ሦስተኛውንም ወረቀት ቀደድሁት። ክቡ እንቁላል ሆነ። አራተኛውን በሻይ ብርጭቆ አፍ አዙሬ ሳልሁት፤ ክብ ሆነ፣ ሰዓት ግን አልሆነም። አናቱ ላይ ሁለቱን ደወሎች፣ ከሥሩ ሁለት እግር ጨመርሁ። ሀዋ ከኋላዬ መጥታ አየችና «ይኼ ጥጃ ነው?» አለች። ደወሎቹ ጆሮ መስለዋታል።

ሐሙስ ደሴ የዓይን ቀጠሮ አለኝ። ቀኙን ሞራ ሸፍኖታል፣ ግራውም ጀምሮታል። ሁለት ቀጠሮ አሳልፌያለሁ፤ ሦስተኛውን ካሳለፍሁ ወረፋው መጨረሻ እመለሳለሁ። ሦስት ቀን ከቤት መውጣቴ ነው። ሚስቴ ሀዋ ብቻዋን ትሆናለች።

ሀዋ የሚጥል በሽታ አለባት። ባለፈው ክረምት ምድጃው አጠገብ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ፤ ክኒን የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት አንድ ፍሬ፣ ማታ በአንድ ሰዓት ሁለት ፍሬ። እንዳይዘለል፣ ከተዋጠም እንዳይደገም ብለዋል ሐኪሞቿ። አንዳንዴ መዋጧን ስለምትረሳ እስካሁን የማስውጣት እኔ ነኝ። ፊደል አታውቅም። በሽታዋን ጎረቤት እንዳይሰማም ቁርአን አስይዛ አስምላኛለች። ልጃችን ዘሀራ ጂዳ ናት። ስልካችን አንድ ነው፤ የዓይን ሐኪሞቹ የሚጠሩኝ በሱ ስለሆነ ከእኔ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ሥዕል። ሰዓቱ ሲጮኽ ትዋጥ፣ ዝም ሲል አትዋጥ። ከፀሐይ ጋር አንድ ነጥብ፣ ከጨረቃ ጋር ሁለት ነጥብ። ሰዓቱ በመሙያ የሚሞላ የድሮ ሰዓት ነው፤ ደወሉን አንዴ አንድ ላይ ካደረጉት ጠዋትም ማታም በአንድ ሰዓት ይጮኻል።

የወፍጮ ሞተር ማንም ሳያሳየኝ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ፊደልም ማንም አላስቆጠረኝም። ሰዓት መሳል አያቅተኝም።

እሑድ

ዝም ያለው ሰዓት ተሳለ። የሚጮኸው ግን ከሱ በምን ይለያል? ድምፅ መልክ የለውም። ሰዓቱን አስጮኼ ተመለከትሁት። አንድ፤ መምቻው በሁለቱ ደወሎች መካከል ዓይን እስከማያየው ይመላለሳል። ሁለት፤ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል። ሦስት፤ ሀዋ «አጥፋው!» ትላለች። ሦስተኛው አይሳልም።

ወደ ባጃጅ መቆሚያው ወረድሁ። እዚያ ታፔላ የሚጽፍ ሰው አለ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ፣ ታፔላ ሊያሠሩ ነው?»

«የለም። ድምፅ እንዴት ይሳላል?»

ባጃጅ ነጂዎቹ ሳቁ። «አባባ በዚህ ዕድሜ ዘፋኝ ሊስሉ ነው እንዴ!» አለ አንዱ። ዞሬ አላየሁትም። ታፔላ ጸሐፊው ግን በጠመኔ አሳየኝ፤ ክቡን ደራርቦ ሳለና በግራ በቀኙ ጠማማ መስመር አደረገበት። «ከተንቀጠቀጠ ጮኸ ማለት ነው አባባ።» እውነቱን ነው።

ቤት ገብቼ ስድስት ጊዜ ሠራሁት። ስድስተኛው ጮኸ። ለሀዋ አሳየኋት። ብዙ አየችው።

«ይንቀጠቀጣል» አለች።

«አዎ!» አልሁ። ደስ አለኝ።

«ስወድቅ እንዲህ ነው የምሆነው?»

ሰዓት ነው አልሁ። ደጋግሜ ሰዓት ነው አልሁ። «ይኼን ግድግዳ ላይ ሰቅለህልኝ ልትሄድ ነው?» ብላ ወጣች። ማታ ክኒኑን ከእጄ ወስዳ፣ ፊቴን ሳታይ ዋጠችው።

ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት።

ሰኞ

እሷው አነጋገረችኝ። «ከጮኸ አፍ ስጠዋ።»

«ነፍስ ያለው ነገር አልስልም።»

«ሰዓት ነፍስ አለው?»

«አፍ ከሰጠሁት ያለው ይመስላል።»

«እሺ ሼሁ!» አለችና ሳቀችብኝ። መሳቋ ደግ ነው።

መንቀጥቀጡን ተውሁት። መምቻውን ደወሉ ላይ አሳረፍሁና ከሁለቱ ደወሎች ብቻ ሦስት ሦስት አጫጭር መስመር አወጣሁ። «ደወሉ ነው፣ ገባኝ» አለች። አልሀምዱሊላህ። ቆጣሪዎቹ አላስቸገሩኝም፤ ረጅሙን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ፣ አጭሩን ወደ ቀኝ አጋደምሁት። ለዓይኔ የቀለለኝ እሱ ነው።

ነገ ብቻዋን ትቻት እወጣለሁ። ልፈትናት ነው።

ማክሰኞ

ከፈጅር ሰላት በኋላ ጨፋ ወደሚኖረው ወንድሜ ዘንድ ወረድሁ። እሱ ስለ ማሽላው ያወራል፣ እኔ ሰዓት አያለሁ። አንድ ሰዓት ሲሆን በልቤ አሁን ጮኸ አልሁ። ምሳ አልበላሁም። «ምን ሆነሃል?» ይለኛል፤ ዓይኔ ነው እላለሁ።

ማታ ሁለት ሰዓት ገባሁ። ሀዋ ወረቀቱ ፊት ተቀምጣለች። ሁለቱ ፍሬ መዳፏ ላይ ነው።

«አልዋጥሽም?»

«አልደረሰም።»

«ሰዓቱ አልጮኸም?»

«ጮኸ እንጂ፤ አጠፋሁት። ይኸው ግን፣» ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች፣ «አንተ ያደረግኸው አጭሩ እዚህ ነው። የሰዓቱ ገና አልደረሰም። ጠዋትም እስኪደርስ ጠብቄ ነው የዋጥሁት።»

ሦስት ሰዓት። የሳልሁት ሦስት ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘግይታ ነው የዋጠችው። እሳቱ አጠገብ ሆና ብትወድቅስ?

ጮኽሁባት። ሰዓት ማየት የማታውቂ አልኋት።

«የዘሀራ አባት፣ ይኼ ሰዓት አርባ ዓመት ከራስጌዬ አለ። ፊደል አላውቅም አልሁ እንጂ ዓይን የለኝም አልሁ? የሳልኸው አንተ ነህ።»

ውሃ ቀዳሁላት፣ ዋጠች።

በአርባ ዓመት ውስጥ «ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ግድ የማይሰጣት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ

አዲስ ወረቀት። አጎንብሼ ስስል ሀዋ አጠገቤ ሆና ታርመኛለች። «ዝቅ አድርገው። በዛ። አሁን ነው አንድ።» እኔ አጭሩ የት እንዳረፈ በደንብ አይታየኝም፤ ያረፈው እሷ ባለችበት ነው። አበጀሽ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።

ወረቀቱን ቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጠፍነው፤ እንግዳ አያየውም። ከመውጣቴ በፊት ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስቱንም በትክክል መለሰች። በአራተኛው «አብሽር! ሚኒባሱ ያመልጥሃል» አለችኝ።

የረሳሁት ነገር አለ። ሰዓቱ ካልተሞላ ይቆማል። ሙዪው ብያታለሁ? ብያታለሁ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው ደሴ ደርሼ ነው፤ ተመልሼ አላይ ነገር።

ዓርብ

ፋሻው ጠዋት ተነሣ። የመስኮቱ ሰማያዊ ቀለም ዓይኔን አሳመመኝ፤ ይህን ያህል ሰማያዊ ነበር? አያጎንብሱ ስላሉኝ ተቀምጬ ሰገድሁ። ትናንት ቀኝ ዓይኔን ስለሠሩልኝ አልጻፍሁም።

ቅድም ጎረቤታችን ዘይነባ ዘንድ ደወልሁ። ጠዋት ማታ ብደውል ነገሩን ታውቅብናለች፤ አንድ ጊዜ ግን ምንም አይደለም። ሁለቴ አልተነሣም። በሦስተኛው አነሣች፣ ሀዋን ጠራችልኝ። ዘይነባ ከአጠገቧ አልራቀችም፤ ሳሏ ይሰማኛል።

«ሰዓቱ እንዴት ነው?» አልሁ።

«ደህና ነው። እየሞላሁት በጊዜው ይጮኻል።»

«ሲጮኽስ?»

«ሲጮኽ ይበላል።»

«ትናንት ማታ?»

«ሁለት በላ። ዛሬ ጠዋት አንድ።»

«የምን ሰዓት ነው የሚበላው?» አለች ዘይነባ ከጎን። «የኛ ሰዓት» አለቻት ሀዋ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍሁ።

«ያንተስ?» አለችኝ። «ለዓይንህ ምን ሰጡህ?»

«ጠብታ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ማታ።»

«የስድስት ሰዓቱን አድርገሃል?»

አላደረግሁም። የሷን አንድ ሰዓት ስቆጥር የራሴ ስድስት ሰዓት አልፏል። አድርጌያለሁ አልኋት። ስልኩን ዘግቼ አደረግሁት፤ ግማሹ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ።

አሁን ስምንት ሰዓት ነው። የዛሬ ማታው ሁለት ፍሬ ይቀራል። እስከ አንድ ሰዓት ገና አምስት ሰዓት አለ።