ለማተም ከሪያድ ፈቃድ የሚያወጣ ኮምፒውተር

ውድ የሻለም፣

እንዴት ነሽ የእህቴ ልጅ? የሪያድ ሙቀት በረድ አለልሽ? እዚህ መካነ ሰላም ሁላችንም ደህና ነን። አንቺ ይጣሉ ብለሽ የፈረድሽባቸው ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቼም ደህና ናቸው። አልጣልኳቸውም፤ አልጥላቸውምም።

የላክሽው አዲሱ ማክ ኮምፒውተር ከሪያድ ለእረፍት በመጣው በአህመዲን እጅ ደርሶኛል። ሲያምር! ሳይበራ ጢሜን አየሁበት። የድምፅ መልእክትሽንም ሰማሁ፤ «ጋሼ፣ ያንን ቅራቅንቦ ይጣሉና በዚህ ብቻ ይሥሩ። ሰው እንዳያስነኩት! አለዚያ ስመለስ ከእርስዎ ጋር በጽሕፈት ሱቁ አልሠራም» ብለሻል።

ወላሂ ሞክሬያለሁ። ማክሰኞ የጎረቤታችን የብዙዬ ልጅ ድንቅነሽ የሥራ ማመልከቻ ልታሳትም እየሮጠች መጣች። ምዝገባው ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ፍላሿን ማክሽ ላይ ሰክቼ ፕሪንተሩን ላገናኝ ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ያንቺን። ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ነሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው።

ወረፋ የሚጠብቀው መምህር ቸኮል ዝም ይላል? «ጋሽ አራጋው፣ ይሄ ኮምፒውተር ለማተም ከሪያድ ፈቃድ ያወጣል እንዴ?» አለና ሰውን አሳቀብኝ።

ማንም እንዲነካካው በነፃ የተለቀቀው ሊኑክስ ወደተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። እሱም አመሉን አመጣ፤ ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። ያኔ ቸኮል ኪቦርዱን ነጠቀኝ። ድንቅነሽ በስልኬ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የቴሌግራም ቡድናችን ላይ ጠየቀች። አንድ የአቀስታ ልጅ ምን መጻፍ እንዳለብን ላከልን። ቸኮል እየጻፈ ሳለ ድንቅነሽ ጮኸችበት፤

«መምህር፣ አንድ መስመር ዘለሉ!»

«እኔን ልታርሚኝ ነው?»

«ሥራው እስኪያመልጠኝ ዝም ልበል?»

አተመ። ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ ይዛው በረረች፤ ደረሰች።

እኔ ኮምፒውተርን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ነካክቼ ነው ያወቅሁት። እንዳየሁት ከሆነ ሰው የሚጠቀምበትን ኮምፒውተር ይመስላል። ዊንዶውስ የለመደው ነገር ሲበላሽበት አጥፍቶ ያበራና ይጸልያል። ማክ የለመደው በጨርቅ ይወለውልና ሰው ሲጠጋው ፊቱን ያጠቁራል። የሊኑክሱ ሰው ጨቅጫቃ ነው፤ ሳይጠይቁት ይመክራል፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ግን ሲነኩበት አይከፋውም። እኔ ከጨቅጫቆቹ ጋር ነኝ። ተቆጪ እንግዲህ!

አሁን ቀልዱን ልተው። አንቺ ራስሽ መተየብ የለመድሽው እነዚህን ቅራቅንቦዎች እያበላሸሽ ነው፤ አንድ ቀን «አትንኪ» ብዬሽ አላውቅም። ዛሬ ተቀጥረሽ የምትሠሪው ግን ቀኑን ሙሉ «አትንኪ» በሚሉሽ ሰዎች ቤት ነው። አንቺ ባትነግሪኝም፣ ስትደውዪ ሳቅሽ እያጠረ መምጣቱን እሰማለሁ። አብሽሪ፣ ያልፋል። ያንን ቃል ግን ከስጦታ ጋር ጠቅልለሽ እኔ ቤት አትላኪብኝ። እዚህ አይሠራም።

ማክሽ ጨርቅ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አህመዲን በሚቀጥለው ወር ወደ ሪያድ ይመለሳል። ወይ ይዞልሽ ይምጣ፣ ወይ የይለፍ ቃሉን ላኪልኝ። ከላክሽልኝ ግን ዛሬውኑ እወቂው፤ ያላየ ሰው እንዳይኖር፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም በትልቁ እጽፈዋለሁ። ከተናደድሽ መጥተሽ ፋቂው። መፋቂያውን እኔ አቀብልሻለሁ።

መምጣትሽን የሚጠብቅ፣ ሐሳቡን ግን የማይለውጥ
አጎትሽ አራጋው