የግራው ስፒከር

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ዛሬም ብቻዬን ወጣሁ። የመኪናዬን ጣሪያ አጥፌ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ሞተር አስነስቼ በር ላይ ጠበቅኳት። ሚስቴ፣ ቲቸር የምላት፣ በመስኮት ብቅ አለችና "አንተ ሂድ፣ የማርመው ፈተና አለኝ" አለች። ባለፈው ቅዳሜ ራሷን አሟት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ... ልብስ ማጠብ። ማጠቢያ ማሽኑ ተገትሮ እያለ።

ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለቅዳሜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ በእኔ በኩል ያለው ፍሬን ላይ እግር ሰቅሎ "መስታወት እይ፣ ማርሽ ቀይር፣ ኧረ ቀስ" ሲሉ መዋል። ቅዳሜ ግን መሪው የእኔ ነው። ቁንጫን ከእኔ በቀር ነድቷት የሚያውቅ የለም። ስሙን ያወጣላት ሠፈሩ ነው። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ እጅ የማትሞላ ስፖርት መኪና ናት። ለሚስቴም አልሰጣት። ቲቸር መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው ከሌላ አሠልጣኝ ዘንድ ነው፤ እኔ ላስተምራት የሞከርኩ ቀን መሃል መንገድ ላይ ወርዳ በእግሯ ቤቷ ገባች። ከጎኔ መቀመጥ ግን ትወድ ነበር። ሐይቁ ድረስ ሄደን፣ ወሬያችንን ስንጠርቅ እንመለሳለን። እንዲህ ነበር።

ዛሬ መንገድ ላይ አንድ ቀልድ መጣልኝ። የምነግረው ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

እራት ላይ ጠየቅኳት። ዳር ዳር ማለት አልሆነልኝም።

"ምነው፣ ቁንጫን ጠላሻት?"

ሹካዋን አስቀመጠች። "ጣሪያው ሲከፈት አይሰማም።"

"ምኑ?"

ትንሽ አሰበች። "ሙዚቃው።"

ሙዚቃው... በቃ ይኼ ነው? እኔ ደግሞ ሰለቸኋት ብዬ ስብሰለሰል የከረምኩት። ባለፈው ሐይቁ መንገድ ላይ የወንድሜን ሕመም እያወራኋት ሳቅ ብላ ነበር። ሳቅ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜን ነገር አላነሳሁላትም። ሙዚቃው ከሆነስ መድኃኒት አለው።

ልጃችን ስትደውል ነገርኳት። "አባዬ፣ እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ለሙዚቃ ግድ ያላት?" አለች። ምን ታውቃለች። እሷ ሳትወለድ በፊት እኔና እናቷ እየዘፈንን ስንት አገር አቆራርጠናል።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

የመኪና ቴፕ የሚገጥመው ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ዝምታ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ስፒከር ሲያስጮህ ይውላል፣ ከራሱ አፍ ግን ቃል አይወጣም። ቁንጫን ዞራት። በሯን ከፍቶ በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ግንባሩን ቋጠረ።

"ስፒከሩ እግር ሥር ነው" አለ።

"ሲሠሯት ነው እዚያ ያደረጉት።"

"ለእግር ነዋ የሚዘፍነው። ጆሮ ጋ መሆን አለበት።"

ይኼን ሁሉ ተናግሮ ደክሞት ቁጭ አለ። ሐሳቡ ግን ልቤን ገዛው። የወንበሮቹን የጭንቅላት መደገፊያ ይቀድና በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ስፒከር ይቀብራል፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ። አምፕሊፋየሩን ከወንበር ኋላ ይሸጉጠዋል። ነፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ዘፈኑ ጆሮዋ ሥር ይሆናል። ለቲቸር አልነገርኳትም። ድንገት ትየው።

እሁድ፣ የካቲት 13

ቲቸር ጠዋት "ማንኮራፋት ተውክ እንዴ? ሰሞኑን ድምፅህ የለም" አለችኝ። ዕድሜ ልኳን በክርኗ ስትጎስመኝ የኖረች ሴት ናት። "ሰው ይለወጣል" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ከሰዓት በእግራችን ወጣ አልን። ሁሌ በቀኜ ነበር የምትሄደው። ዛሬ ዞራ በግራዬ ሆነች።

"ምነው?"

"ፀሐዩ" አለች።

አሁን ሳስበው... ፀሐይ ነበረ እንዴ? ደመና መሰለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 16

ተማሪዬ የቆመ ጋሪ ገጨ። ጋሪው ደህና ነው። እኔ አይደለሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 18

መነጽሯን ረስታ ሄዳ ትምህርት ቤት አደረስኩላት። ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛዋ ከቦታው የለም። ድሮ መሃል ነበር፤ አሁን በግራዋ በኩል ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። ተማሪዎቹ በሙሉ በቀኟ። "እንዲህ ይሻለኛል" አለች። ምኑ እንደሚሻላት አልገባኝም። ነገ ግን ዝምታ ጋ ያለችው ቁንጫ ታልቃለች። ፊቷን ለማየት ቸኩያለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

"እቃ እናነሳለን" ብዬ ዝምታ ጋ ወሰድኳት። ስፒከሮቹን ስታይ "አንተ ሰውዬ" ብላ ሳቀች፣ ወንበሯም ላይ ተቀመጠች። ዝምታ የሞተሩ ድምፅ ነፋሱን ይተካልን ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ዘፈን ከፈተ። ድሮ እየዘፈንን የሄድንበትን፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ከዚያ ድምፁን ወደ አንድ ጎን እያዞረ ይሞክር ጀመር።

"ቀኝ" አለ።

"ይሰማል" አለች ቲቸር፣ ራሷን እየነቀነቀች።

"ግራ።"

ከኋላዋ ቆሜያለሁ፤ ዘፈኑ ከግራው ስፒከር ጥርት ብሎ ይወጣል። ቲቸር ትጠብቃለች። ዝምታ እኔን አየኝ።

"ግራ" አለ ደግሞ፣ አስጩሆት።

"እስቲ ክፈተው" አለች ቲቸር።

"ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል" አልኩ። በገዛ ጆሮዬ እየሰማሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

ዝምታ እጁን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። "ስፒከሩ ደህና ነው" አለ ቀስ ብሎ። ሞተሩን አጠፋ። መፍቻውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ውጭ የሚፈታ ነገር አልነበረውም።

ቲቸር ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች። "ከክረምት ጀምሮ ነው" አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልክ በተማሪዎችህ ላይ እንደምታደርገው ቃሉን እየቆራረጥክ ትጮህብኛለህ ብዬ።"

"ሙዚቃውስ?"

"የምን ሙዚቃ። አንተን ነው ያልሰማሁት። ስትነዳ በግራዬ ነህ። ጣሪያው ሲከፈት አንድ ቃል አይደርሰኝም። ስትስቅ አይቼ እስቃለሁ። አንድ ቀን የምትስቅ መስሎኝ ሳቅኩ... ፊትህን ሳየው ቀልድ እንዳልነበረ ገባኝ። ምን እንዳልከኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ መሄድ ፈራሁ።"

ስለ ወንድሜ እንደነበረ ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለባልም ባዳ ሆኖ ከርሟል።

እሁድ፣ የካቲት 20

ማንኮራፋት አልተውኩም ለካ። በደህናው ጆሮዋ ላይ እየተኛች ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 22

ሐኪሙ አየልን። ግራው አይመለስም፣ ነርቩ ነው። ቀኙ ጤነኛ ነው፣ በየጊዜው ይታይ አለ። ኮሪደሩ ላይ "ገ-ባ-ሽ?" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ይኸው፣ ጀመርክ" አለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 26

"እንሂድ" አልኳት። "በዚያ ወንበር ሺህ ስፒከር ብትቀብርም አንተን አልሰማህም" አለች። አልተቆጣችም። ፀጉሬን ዳበስ አድርጋ ፈተናዋን ልታርም ገባች። አንጀቴን በላችው። ቁንጫን ስወለውል ዋልኩ። የት እንደምሄድባትም አላወቅኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ዛሬ ያ ጋሪ የገጨው ተማሪ አደባባይ ላይ ሞተር አጠፋ። ከኋላ ጡሩምባ በጡሩምባ። እኔም ጮህኩ። "መምህር፣ ኧረ ቀኝ ጆሮዬን አደነቆሩት" አለኝ።

ቀኝ ጆሮዬን...

ይኼን ሁሉ ዘመን በሰው ቀኝ ጆሮ እያወራሁ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። የሚነዳው ሰው ሁሉ ይሰማኛል። ወድዶ ሳይሆን፣ በቀኙ ስለተቀመጥኩ። እና ለቲቸር ስፒከር እቀብራለሁ።

መፍትሔው ያኔውኑ ታየኝ። ከባዱ እሱ አይደለም። ከባዱ መሪው ነው። ቁንጫን ለሰው... ፍሪሲዮኗን ማን በልኬ ይረግጣታል? ማርሿንስ? ልጁ "መምህር፣ እንሂድ?" እስኪል ድረስ አደባባይ ላይ መሆናችንን ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3

ጣሪያዋን አጠፍኩ። በቀኝ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። ቲቸር በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ቁልፉን ዘረጋሁላት።

ቁልፉን ተቀበለችኝ። ከዚያ "ስለ መንዳቴ ትንፍሽ ትልና፣ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው" አለች።

"ትንፍሽ አልልም።"

ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው። በእኔ ልክ የቆየ ወንበር ነው። ማርሿን አንጫጫቻት። ምላሴን ነከስኩ። ከሠፈር ስንወጣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያየናል፣ እንደ ሙሽራ። ኩርባው ላይ ሳላውቀው ወለሉን በእግሬ ስረግጥ "እግርህን አንሳ፣ እዚያ ፍሬን የለም" አለችኝ። አነሳሁ።

ስፒከሮቹን አልከፈትናቸውም። የከረመውን ቀልድ ነገርኳት። ሳልጨርሰው ነው የሳቀችው፤ መጨረሻውን ቀድማ አውቃው። ይኼን ሳቅ ናፍቄው ነበር። ነፋሱ እንደሆነ እንደ ድሮው ነው።

ሐይቁ ሲታየን የወንድሜን ነገር አነሳሁላት። እንደገና፣ ከመጀመሪያው። ሆስፒታል የተኛበትን፣ የከሳውን፣ እኔን ሲያይ ሊነሳ የሞከረውን። አልሳቀችም። አንድም ቃል አላመለጣት። ስጨርስ ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ ጉልበቴን ያዘች።

ሁለት እጅ መሪ ላይ ነው መሆን ያለበት። በየቀኑ የማስተምረው ነው። ምንም አላልኳትም።