የሠዓሊው አባት መሰላል

ጥቅምት 5
በዚህ ከተማ እንደኔ በስድስት ወር ፊደል የጨረሰ ጎልማሳ የለም። እሺ... አስራ አራት ወር ነው። የቀረሁባቸው ቀኖች ሲቀነሱ ግን ዓመትም አይሞላም። የማታ ትምህርቱን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ግድግዳውንም ለክብሩ ስል ቀብቼዋለሁ። ቀለም ቀቢ ነኛ። አለቃዬ ዛሬ "ፕሮፌሰር፣ መሰላሉን ያዝልኝ" አለኝ። ቀንቷል ሰውዬው።

ጥቅምት 8
የቤተ መጻሕፍቱን የልጆች ክፍል እየቀባን ነው። ቢጫ። ኃላፊዋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች የታዋቂ ሠዓሊ ሕይወት ከመጽሐፍ ይነበብላቸዋል፤ አንባቢዋ ግን ሥራ ለቃለች። ምላሴ ቀደመኝ። እኔ አነባለሁ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ጫማዬ ላይ ያለውን ቀለም ሳይቀር። "ጋሼ፣ ልጆች እኮ አይምሩም" አለችኝ። እኔስ መች እምራለሁ?
ልጄም እዚያ ትመጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ ፊት መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ... ለዚህ አይደል እንዴ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ የተንከራተትኩት?

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ
መጽሐፉ ሰፊ ነው፣ ሥዕል የበዛበት። ዕድሜ ልኩን አንድ መስኮት ደጋግሞ ስለሳለ ሠዓሊ። በጠዋት፣ በቀትር፣ በዝናብ... መስኮቱ ያው፣ ቀለሙ ግን አንድ ቀን እንኳ ያው አይደለም። ደስ አለኝ።
ሁለተኛው ገጽ ላይ ረጅም ቃል ገጠመኝ። አንዴ ሞከርኩ። ሁለቴ... አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ልጄ አንገቷን ደፋች።
ሥዕሉን አየሁ። ሠዓሊው ሕፃን ሳለ መሰላል ሥር ቆሟል። በቃ፣ ፊደሉን እዚያው ተውኩት። አባቱ እንደኔ ግድግዳ ቀቢ ነበር አልኳቸው። ልጁን ሥራ ይዞት ይሄዳል፣ ልጁ መሰላል ይይዛል፣ ቀለም መበጥበጥ የተማረው ከአባቱ ባልዲ ነው። መስኮት የወደደውም አባቱ መስታወቱን ቀለም እንዳይነካው ሲጠነቀቅ እያየ ነው... አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። አንዷ መስኮቱ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ምንድን ናት ስትል ስቱኮ ናት አልኳት፣ ስንጥቅ የምንደፍንበት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጄም ቀና ብላ ለጎረቤቷ "አባቴ ነው" ስትል ሰማሁ።
ያቺን ቃል የትኛው ምስክር ወረቀት ያመጣታል?

ጥቅምት 15
ልጄ ስለ ሠዓሊው ክፍሏ ፊት ልትናገር ነው። ከትምህርት መልስ ትለማመዳለች። መሰላሉንም ባልዲውንም አልተወችም። ልነግራት ከጀልኩ... ነገ አልኩ።

ጥቅምት 18
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው በስድስት ቀን ጠራ።
መምህሯ መጽሐፉን ያውቀዋል። የሠዓሊው አባት ዳኛ ነበሩ ብሎ ሁሉም ፊት አረማት። አባቴ ነው ያነበበልኝ ብላ ተከራከረች። አንዱ ልጅ አባትሽ ማንበብ አይችልም፣ ይንተባተባል አላት። ይችላል ብላ ተደባደበች። ከዚያ መጽሐፉን ተውሳ መጣች። ጫማዬን ሳላወልቅ ጭኔ ላይ ገለጠችው። ጣቷ መስመሩ ላይ።
"አባዬ፣ እዚህ ጋ አንብብልኝ።"
አልችልም ብል ውሸቴ ይሸፈናል። ያቃተው ሰው አይወቀስም። ግን ይችላል ብላ ተደባድባልኛለች... አነበብኩ። አባቱ ዳኛ ነበሩ። ልጃቸው ሕግ እንዲማር ይፈልጉ ነበር። መሰላሉም የጓሯቸው ፍሬ መልቀሚያ ነው። አንድ ቃል አልሳትኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት አድርጌ አንብቤ አላውቅም።
"ትችላለህ ማለት ነው" አለች።
"አዎ።"
"አቅቶህ ቢሆን አልቀየምህም ነበር።"
ቀልድ ፈለግኩ። የለም። ለካ ይሄም ያልቃል።

ጥቅምት 19
ለኃላፊዋ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ይሄ ይብሳል። ልጆቹን ራሴ ላርማቸው ብዬ ለመንኳት። ሌላ ሰው ቢነግራቸው ይሻላል አለች። ያላዋቂ ሳሚ... ተረቱን አልጨርሰውም፣ ስለራሴ ነው።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ
አሁን ለትንንሾቹ የምታነበው ልጄ ናት። ኃላፊዋ መረጠቻት። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እንደ ማንኛውም ወላጅ። ቃል በቃል፣ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ከራሷ አንዲት ነገር አትጨምርም። አንድ ሕፃን ሠዓሊው ለምን በሩንም አልሳለውም ሲላት፣ መጽሐፉ አይልም አለችው። አይልም... ምናለ ትንሽ ብትቀልድ? ማንን እንዳትመስል ፈርታ ነው? ማንን እንደሆነ አውቃለሁ።
ቤትም ለብቻዋ ነው የምታነበው። ድሮ ከባድ ቃል ሲገጥማት አብረን እንታገለው ነበር። አሁን መዝገበ ቃላት ትገልጣለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።
ዛሬ ስትጨርስ መጽሐፉን መልሳ ወደ እኔ መጣች። "እንሂድ፣ አባዬ" አለችኝ።
...አላለችም። "እንሂድ" ብቻ ነው ያለችው። "አባዬ"ን የጨመርኩት እኔ ነኝ።