ከረጢቱን ተወው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14
ከመጥመቂያው

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረምሽ? የእህትሽ ጉልበት ተሻላት? ልጃችን በስልክ ደህና ናት ብላኛለች፤ እሷ ግን የጠየቋትን ሁሉ ደህና ነው ስለምትል ካንቺው ልስማ ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ፤ በስልክ ብጀምረው መሃል ላይ ይጠፋብኛል።

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከሁለት ሰዎች ጋር ቢራ መጥመቅ መጀመሬን ሰምተሻል። ቤቱ ድሮ ጋራዥ ነበር፤ ወለሉ ዛሬም ዘይቱን አልለቀቀም። አንዱ ሸሪኬ በያጅ ነው፤ ፍንጣሪ እንለዋለን። ታንኮቹን ከወተት በርሜል ቆራርጦ የሠራቸው እሱ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ቤት የኖረ ሰው ነው፤ እርሾ እንኳ ሲለካ ጠብ ጠብ ስለሚያደርግ ስሙ ጠብታ ሆኖ ቀረ። የእኔ ድርሻ ምላሴ ነው። ሃያ ዓመት ለስላሳ መጠጥ የቀመሰ ሰው ከየት ይገኛል አሉ።

አሁን የተምታታብኝን ልንገርሽ። በሦስተኛው ጠመቃ የሆፕ አበባ፣ የቢራን ጌሾ በያው፣ በጨርቅ ከረጢት አድርገን ታንኩ ውስጥ ነከርን። ከረጢቱ ምሬቱንና ሽታውን ሰጥቶ በሦስተኛው ቀን መውጣት አለበት። ቀኑ ሲደርስ ፍንጣሪ በብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ። ቀመስኩ። ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ።

“እህስ?” አለ ፍንጣሪ።

“ተወው” አልኩና ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

ፍንጣሪ ከረጢቱን ተወው፣ እዚያው ይቆይ ማለቴ መሰለው። ጠብታ ደግሞ ቢራውን ተወው፣ አይረባም ማለቴ መሰለው። በማግስቱ ጠዋት ጠብታ ቀድሞ ገብቶ ቧንቧውን ይከፍትና ያፈሰዋል። ፍንጣሪ ሲደርስ ግማሹ ወርዷል። ዘሎ ዘጋው።

“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?”

“ራሱ አይደል እንዴ ተወው ያለው?”

“ተወው ማለት ድፋው ነው? ሚስትህን ተዋት ቢሉህ ከፎቅ ትወረውራታለህ?”

የተረፈው ግማሽ ከነከረጢቱ ሳምንት ቆየ። በዚያው ሰሞን የአንድ ሆቴል ዕቃ ገዥ መጣና ከእሱ ቀዳንለት። ብርጭቆውን አስቀመጠና እንደገና አነሳው። “ይሄንኑ በየሳምንቱ ታደርሱልኛላችሁ?” አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለም። ፍንጣሪ ምስጢሩ የከረጢቱ መቆየት ነው ይላል። ጠብታ ደግሞ የለም፣ ግማሹ ሲፈስ አየር ገብቶበት ነው ይላል። “አንተ አስበህ ነው ያልከው፤ የትኛውን ነበር?” እያሉ ሁለቱም እኔን ያፋጥጡኛል። ሲጨንቀን ሁለት ታንክ ጠመቅን፤ አንዱን ሙሉውን ከነከረጢቱ ተውነው፣ ከሌላው ግማሹን ደፋን። ደህና ቢራ ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን አየን። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሆቴሉ ሰው ይመጣል። የመጀመሪያውን የሚመስለውን ለይቼ ማቅረብ የእኔ ሥራ ነው። ያው ካልሆነ ሌላ ጠማቂ ጋ እሄዳለሁ ብሏል፤ እኛ ደግሞ ሌላ ደንበኛ የለንም።

ሁለቱንም ቀመስኳቸው። ውሃ ናቸው። ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ አልተመለሰም። ሳሙናም፣ ቤንዚንም፣ ያረረ ድስትም አንድ ሆነውብኛል። ይመለሳል እያልኩ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት እንደምችልበት ታውቂያለሽ።

ያን ዕለት “ተወው” ስል ምን ማለቴ እንደነበር ቁጭ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ ሌላ ነገር መጣብኝ። አንቺ ሻንጣሽን በር ላይ አቁመሽ “የቤቱን ነገር ምን ይሻላል?” ስትዪኝ “ተዪው” አልኩሽ። አንቺም ቤቱን ተውሽው። ክርክሩን ተዪው ማለቴ ነበር ልልሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ ስጽፈው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ያኔም ያልኩት ቶሎ ከክፍሉ ለመውጣት ብቻ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት የአፍንጫዬን ነገር ለሁለቱም ነገርኳቸው።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለ ጠብታ።

“ከነሐሴ።”

“ታዲያ ተወው ያልከውስ?”

“እኔም አላውቅም።”

ፍንጣሪ የብቅል ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “ወር ሙሉ ተናከስን እኮ፤ ለካ የሰውዬው አፍ ባዶ ነው” አለ። ጠብታ አልሳቀም። “ቅዳሜ ትለፍና ስላንተ እንነጋገራለን” አለኝ። እውነቱን ነው። በምላሴ ነው የገባሁት፤ እሱ ከሌለ በምኔ ልቀመጥ?

ታዲያ ማን ይቅመስ ተባለ። ለማመሳከሪያ ከመጀመሪያው ሁለት ጠርሙስ ተርፎናል። ከእኔ የሚሻል አፍ አውቃለሁ አልኳቸው። ፋብሪካ ውስጥ ቀማሹ እኔ ብሆንም፣ የቧንቧው ውሃ መስመር የተቀየረ ዕለት ቤት ሆነሽ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ በማግስቱ ነው ከላቦራቶሪው የሰማሁት።

“ማን ናት?” አለ ፍንጣሪ።

“ባለቤቴ ናት” አልኩት።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ዓመት ከመንፈቅ ምሳዬን ከሱቅ እየገዛሁ ስበላ ያዩኝ ሰዎች ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ነገ እጅሽ ይገባል። ወደዚህ የሚመጣው አውቶቡስ ዓርብ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል። የልጃችንን ክፍል ጠርጌዋለሁ፣ አንሶላውም ታጥቧል። ለእህትሽ ምሕረቱን ያውርድላት፤ ላንቺም እሷን ስታነሺ ስታስተኚ ወገብሽን ያጽናልሽ።

“ባለቤቴ” ያልኩትን ካልወደድሽው፣ መጥተሽ በእነሱ ፊት አርሚኝ።

የልጅሽ አባት