በሎይክ ጀርባ ወደ ፔይርኔር

ውድ ኦዴት፣

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ወሬ ሳያልቅ ማቋረጥ ትወጃለሽ፣ እኔም እንዲህ ያለውን ነገር ሳወራ ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ሊል ከተማ እንዴት ነው? ልጅሽ አሁንም ጨው አትብይ እያለ ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ እውነትም ደህና ነኝ።

ከወደቅኩ ወዲህ ስለ ተራራው በጠየቅሽኝ ቁጥር ወሬውን ወደ አየሩ ወይ ወደ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስመልሰው ሳይገባሽ አልቀረም። ዕድሜ ልኬን ገደል ለገደል ስዞር ኖሬ፣ መጋረጃ ልሰቅል የወጣሁባት በርጩማ ወገቤን ሰብራ አስቀረችኝ። ተራራ ጥሎኝ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሲወራም ያምራል። በርጩማ ጣለችኝ ግን ለማን ይነገራል? ሐኪሙ እግሬ እንደማይመለስ ቁርጡን ከነገረኝ በኋላ፣ ባለ ጎማ ወንበሬን በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት አስጠግቼ፣ ጀርባዬን ለተራራው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በበጋ መንገደኞቹ ቦርሳቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ከምንጩ ውሃ እየቀዱ "እሜቴ፣ ወደ ፔይርኔር ምሽግ በየት ነው?" ይሉኛል። መስኮቱን እዘጋባቸው ነበር። ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው እኔ! ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም።

በነሐሴ ሬሞን መጣ። አንቺ ከሄድሽ፣ እኔም ከተቀመጥኩ በኋላ የእግረኞች ማኅበራችንን የሚመራው እሱ ነው፤ ከደን ጠባቂነቱ ጡረታ ሲወጣ የሚያዘው ሰው አጥቶ ስለነበር በጣም ተስማምቶታል። በመኪናው ላይ አንድ ጉድ ጭኖ ነው የመጣው። ከሥሩ አንድ ጎማ ብቻ ያለው፣ ከፊትም ከኋላም እንደ ቃሬዛ መያዣ የወጣለት ወንበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩት።

"ሠረገላሽ ነው። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ፔይርኔር እንወጣለን።"

"እኔ የድንች ጆንያ አይደለሁም፣ ሬሞን።"

"የድንች ጆንያ ብትሆኚ ይሻለን ነበር። ድንች አይጨቃጨቅም።"

ከነሠረገላው አባረርኩት። ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፣ ልጄ ኦሬሊ አንድ ምሳ ላይ ስለ ባሏ ባታነሳብኝ።

ሎይክን ታውቂዋለሽ። ኦሬሊ ከብሪታኒ የባሕር ጠረፍ ይዛብን የመጣችው፣ አሁን ፎዋ ከተማ ፍሪጅ የሚጠግነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ አፉ ግን ለመብል ካልሆነ የማይከፈት ሰውዬ። በሠርጋቸው ዕለት "ይሄ ልጅ ወጣ ቢል ቢል ደረጃ ነው የሚወጣው" ብዬ በጆሮሽ ሳንሾካሹክ ወይኑ ትን ብሎሽ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእሱ ጋር ያወራሁት ቢደመር አንድ ቁርስ አይሞላም።

"እማዬ፣ ሎይክ እሁድ እሁድ ጠዋት የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?" አለችኝ ኦሬሊ።

"ዓሣ ሊያጠምድ ነዋ።"

"ከሬሞን ጋር ጫካ ነው የሚሄደው። ወንበሩን መግፋት እየተለማመደ ነው። ሬሞን ይቀመጣል፣ እሱ ይገፋል። ባለፈው ገልብጦ እሾህ ውስጥ ከቶታል።"

"ማን አዞት?"

"ማንም። ለመንገደኞቹ መስኮቱን ስትዘጊ አይቶሽ ነው።"

ሾርባዬን ቀስ ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ "ሬሞን ጋ ደውዪ፤ እሾህ የወጋውን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ በይው" አልኳት።

ሬሞን እንዳለው ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከድልድዩ ተነሳን። ሬሞን ወንበሩን ከፊት፣ ሎይክ ከኋላ ይዘው፣ የመድኃኒት ቤቷ ክሎቲልድ ደግሞ ምግቡንና ገመዱን ይዛ። መጀመሪያ ላይ እንደ እንጨት ደርቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ከሚያልፉት መንገደኞች አንዷ "ጎበዝ ነዎት፣ እሜቴ" ስትለኝ እዚያው ብሰወር ደስ ባለኝ። ጫካው ውስጥ ስንገባ ግን ዝናብ ያደረበት ቅርንጫፍ ፊቴን በጥፊ አለኝ፤ ያ የረጠበ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከላይ የላሞች ቃጭል ይሰማል። ዓይኔን ገልጬ ሳላስበው "ሬሞን፣ ወደ ግራ ያዝ፣ ከዚያ ሥር ውሃ ይተኛል" ብዬ ጮህኩ።

"ጀመረች" አለ ሬሞን። ወደ ኋላ ዞሮ ሎይክን "ሰማህ? ጀመረች" አለው። የሬሞንን ፊት ባየሽው፣ የታመመች ላሙ ተነስታ የቆመችለት ገበሬ ነበር የሚመስለው።

ከምሽጉ በታች ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ታስታውሻለሽ፤ በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላው ገደል። የንጉሡ ጦር ያሳደዳቸው የጥንት ሰዎች በዚያች ተማምነው ከላይ የተመሸጉባት። ባለፈው ክረምት ድንጋይ ተንዶ ይበልጥ አጥብቧታል። ሬሞን ወንበሩን ለካ፣ መንገዱን ለካ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

"ጎማው አያልፍም። እዚሁ እንብላ፤ ከዚህም ቢሆን ያው ነው የሚታየው።"

ያው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። "እዚህም ጥሩ ነው" አልኩ፣ የሰው ደስታ ላለማበላሸት። ክሎቲልድ ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች። ሎይክ ግን አልተቀመጠም። ጃኬቱን አውልቆ መጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለ።

"ጀርባዬ ላይ ይውጡ፣ እማማ ዦዚያን።"

"አብደሃል?"

"ከፍሪጅ አይከብዱም።"

"ሎይክ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ገደል ነው" አለው ሬሞን።

"አይቻለሁ።"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሬሞን ቀድሞ ተሻገረና ገመዱን ከዛፍ ግንድ ጋር አስሮ ያዘልን፤ ክሎቲልድ እኔን ከሎይክ ጋር እንደ ሕፃን ጠፍራ አሰረችኝ። ልንጀምር ስንል ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ "አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለኦሬሊ አይንገሩብኝ። ከፍታ እፈራለሁ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"እና አሁን ነው የምትነግረኝ?"

"ቀደም ብዬ ብነግርዎት ይወጡ ነበር?"

መሐሏ ላይ ስንደርስ ቆመ። እግሩ ሥር ጠጠር ተንከባሎ ሄደ፤ የት እንዳረፈ አልተሰማም። የልቡ ምት በሸሚዙ አልፎ ደረቴን ይመታኛል። ብንወድቅ ኦሬሊ በአንድ ቀን እናትም ባልም ልታጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው፤ ፈራሁ። ግን ከሁለታችን አንዳችን መናገር ነበረብን፤ እሱ ደግሞ የማይናገር ሰው ነው።

"ሎይክ፣ ባሕር ላይ ማዕበል ሲነሳ ምን ታደርጋለህ?"

"ማዕበሉን አላይም" አለ።

"ታዲያ ምኑን ታያለህ?"

"የወደቡን መብራት።"

"እንግዲያው ቀና በል። ዓለቱ ላይ ቀይና ነጭ የመንገድ ምልክት አለ። አየኸው?"

"አየሁት።"

"እሱን የቀባነው እኔና ኦዴት ነን። ኦዴት ቀይ ቀለሙን ጫማዋ ላይ ደፍታ፣ እስከ መንደር ድረስ በእግሯ ምልክት እያደረገች ወረደች። ያን ሰሞን የመጡ መንገደኞች ሁሉ ፔይርኔር ብለው የተነሱት እሷ በር ላይ ነበር የሚደርሱት።"

ሳቀ፣ ኦዴት። እሱ ሲስቅ እኔም ጀርባው ላይ አብሬ ተነቃነቅኩ። "አሁን ቀኝ እግርህን ወደ ጠቆረው ድንጋይ" አልኩት። አደረገ። "ግራህን ከጎኑ። አትቸኩል።" እንደዚያ እያልን፣ እኔ በአፌ እሱ በእግሩ፣ ምልክቱ ጋ ደረስን፤ አለፍነውም።

ላይ ስንወጣ ሎይክ እኔን ካወረደ በኋላ በፈረሰው ግንብ ጥላ ሥር እንደ ተጣለ ልብስ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ከወዲያ ማዶ ጫፎቹ ላይ አዲስ በረዶ ጥሏል። አንቺ "ጥርሳም" የምትይው ተራራ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል። የፍየል አይብ በላን፣ ወይኑን እየተቀባበልን ጠጣን። እንደ ድሮው ነበር ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብል ጫማዬን አየሁት፤ ተራራ ወጥቶ ሶሉ ላይ አንዲት ጭቃ የለም። ከፋኝ። ክፉኛ ከፋኝ። ከዚያ ሎይክ ተነስቶ ከቋሊማው ወፍራም ወፍራሙን ቆርጦ ሰጠኝና አብሬ መብላት ጀመርኩ። መክፋቱም አልጠፋ፣ ቋሊማውም ጣፈጠኝ። ሁለቱ አብረው መሆን እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

"ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አትበለኝ" አልኩት።

"እሺ፣ እማማ። እስቲ ቢላዋውን አቀብይ..." ጆሮው ድረስ ቀላ። "ያቀብሉኝ።"

ክሎቲልድ ከሳቋ ብዛት ወይኑን ደፋች። አሁንም አንዴ አንቺ፣ አንዴ እርስዎ እያለ ሁለት ሴት አድርጎኛል።

ማታ ቤት ደርሰን ኦሬሊ የባቄላና የዳክዬ ወጧን አቀረበች። ሬሞን ጎማው ጭንጫው ላይ ስለ ሠራው ጀብዱ እያወራ፣ ሎይክ ሹካውን እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ተከፍቷል፤ ያንኮራፋል። ኦሬሊ አፍራ "ሎይክ፣ ሰው ፊት" ብላ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት።

"ተዪው፣ ይተኛ" አልኳት። "ልጄ ደክሞታል።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ኦሬሊ ትክ ብላ አየችኝና ሌላ ሳህን ልታመጣ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ብዙ ቆየች።

በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ ወደ ላይኛው ሐይቅ ልንሄድ ነው። የጉልበትሽን ነገር አውቃለሁ፤ ስለ ጉልበት ለእኔ አትንገሪኝ። ባቡሩ ፎዋ ሲደርስ ሎይክ ይቀበልሻል። እንደ ልማድሽ ብዙ አውርተሽ መልስ ካጣሽ አትቀየሚው፤ ዝም ብሎ ይሰማሻል፣ ሁሉንም ግን ይይዛል።

እስክትመጪ አልጋሽን አንጥፌ የምጠብቅሽ፣

ዦዚያን